የሲንጀር እግር ላይ ያለውን ጽሑፍ ስለመቀባት
እህቴ፣ የእናትሽ ሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና እግሩ ዝጎ፣ ብረቱ ላይ ጎላ ብሎ የወጣውን ስም በወርቅማ ቀለም ማደስ እንደምትፈልጊ ስትጽፊ የእኔ ጉዳይ መሰለኝ። እኔም ያባቴን አድሻለሁ፤ ደሴ ላይ አምስት ልጅ ያሳደገች መኪና ናት።

1. ዝገቱን በብረት ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት በእጅሽ አንሺ። ግራይንደር የፊደሉን ጠርዝ ይበላዋል፤ መዶሻም አታስነኪው፣ እንዲህ ያለ ብረት ይሰነጠቃል እንጂ አይታጠፍም። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራው እንዳይነሳ አርጥበሽ ፈግፍጊ፤ አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ። እንደጨረስሽ አድርቂው፤ እርጥብ ካደረ ጠዋት ቀይ ሆኖ ይጠብቅሻል።

2. አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ስስ አድርገሽ ቀቢና በደንብ ይድረቅ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። አንቲረስቱን ራሴ በሲንተቲክ፣ ማለትም ቀስ ብሎ በሚጠና የዘይት ቀለም፣ ቀብቼ ከላይ የሚመጣውን ጥቁር ቀለም ባለሙያ ይሥራው ብዬ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። «ሲንተቲክ ነው የቀባሁት፣ ገና ሁለት ቀኑ ነው» ስለው «ሥራዬን አታስተምረኝ» አለኝ። የመኪና ናይትሮ፣ በኃይለኛ ቲነር የሚቀጥን ቶሎ የሚደርቅ ቀለም፣ ረጨበት። ቲነሩ ከሥር ያለውን ያልጠና ቀለም አስነሳውና ሁሉም ተጨማደደ። ያንን ሊደብቅ ደራርቦ ሲረጭ የ«አር» ሆድ ተደፈነ፣ «ጂ»ዋም ክብ ሆና ቀረች። ሂሳቡን ሙሉ ተቀብሎኝ «ዝገት ላይ ሌላ ምን ጠብቀህ ነበር?» አለኝ። አባቴ አይቶ ምንም አልተናገረም። ከገንዘቡ ይልቅ ያ ዝምታ ቆረጠኝ። ሁሉንም ልጬ፣ ፊደሎቹን በመርፌ ፈልፍዬ፣ ከዜሮ ጀመርኩ።

ጥቁሩንም ሲንተቲክ አደረግኩት፤ በአኳራጅ (ለዘብ ያለ የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) አቅጥኜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ሳምንት ተውኩት። ወርቅማውን በብሩሽ አትሞክሪ፣ ወደ ጎን ይፈሳል። ትንሽ የስፖንጅ ሮለር ቀለም አስነክተሽ ትርፉን ካርቶን ላይ ጨርሺ፤ ሮለሩ ደረቅ ሊል ሲል ሳትጫኚ በፊደሎቹ አናት ላይ ብቻ አንከባሊው። ሲደርቅ ድገሚው። ያመለጠውን አኳራጅ በነካ ጨርቅ ቶሎ ጥረጊ። ናይትሮ ቲነር ግን ቤትሽ አይግባ።

ከላይ መኪናው ላይ ያለው ወርቅማ ጌጥ ደግሞ የተለጠፈ ስለሆነ ቲነርም አልኮልም ያነሳዋል። እኔ በስፌት መኪና ዘይት ብቻ ነው የወለወልኩት።

አሁን ስሙ ከበር ላይ ሆነሽ ይነበባል፤ በእጄ የሠራሁት ነው። መርገጫው ላይ ያለውን ጽሑፍ ግን ጥቁር ተዪው። እኔ ወርቅማ ቀብቼው ነበር፤ አባቴ አሁንም ስለሚሰፋበት ጫማው በወሩ ፍቆ ጨረሰው።