ፍሬን ያጣ አንጀት፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ስለ ሆድ ድርቀት፣ የአንጀት ነርቮች ጡንቻውን እንደሚያስቆሙትም ከጻፍኩ ወዲህ ጥያቄው አላባራም። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ።

ነርቭ ጡንቻን ያሠራል እንጂ ያስቆማል እንዴ?

በደንብ ያስቆማል። የክንድህ ጡንቻ ነርቭ ካላዘዘው ዝም ብሎ ይተኛል። የአንጀት ጡንቻ ግን ማንም ሳያዘው በራሱ ጊዜ ይኮማተራል፤ ስለዚህ በትልቁ አንጀት ግድግዳ ውስጥ ካሉት ነርቮች ብዙዎቹ ሥራቸው ፍሬን መያዝ ነው። ጡንቻውን "ላላ በል" የሚሉት በኬሚካል ሲሆን፣ ዋናዎቹ ናይትሪክ ኦክሳይድና ኤቲፒ ናቸው። ኤቲፒ ያው ትምህርት ቤት የጉልበት ምንጭ ተብሎ የተማርነው ነው፤ እዚህ ደግሞ መልእክተኛ ሆኖ ይሠራል። ናይትሪክ ኦክሳይድ ጋዝ ነው፤ ሆድ ከሚነፋው ጋዝ ጋር ግን አታምታቱት።

ፍሬን ከያዘ ታዲያ ሰገራው እንዴት ይሄዳል?

ቤይሊስና ስታርሊንግ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በ1899 በውሻ አንጀት ላይ ያዩት ይህንኑ ነው። አንጀት ውስጥ ካለው ነገር በላይ ያለው ክፍል ይጨመቃል፣ ከበታቹ ያለው ይላላል። የታችኛው መንገድ ካልለቀቀ የላይኛው ቢገፋ ምን ዋጋ አለው?

ልጄ በተወለደ በሁለት ቀኑ ካካ አላለም፣ ሆዱም ተነፋ። ሐኪሙ "የአንጀቱ ጫፍ ነርቭ የለውም" አሉኝ። ነርቭ ከሌለው ለምን ዝም ብሎ አይላላም?

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሕመሙ ሂርሽስፕሩንግ ይባላል፤ በ1886 በዝርዝር ባቀረበው የዴንማርክ ሐኪም ስም ነው። ከ5,000 ሕፃናት አንዱን ገደማ ይይዛል፣ ወንዶች ይበዛሉ። ልጁ ማህፀን ውስጥ እያለ የነርቭ ሴሎቹ ከላይ ወደ ታች አንጀቱን ይዘው ይጓዛሉ፣ አንዳንዴ መጨረሻው ሳይደርሱ ይቀራሉ። ያልደረሱበት ክፍል "ላላ" የሚለው ስለሌለ እንደተጨበጠ ይቀራል፤ ከላይ ያለው ጤነኛው አንጀት ደግሞ መውጫ አጥቶ ይለጠጣል። ሐኪሞች ለብዙ ዘመን ያበጠውን ሲጠረጥሩ ኖረዋል፤ ጥፋተኛው ግን ጠባቡ ነበር። ስዌንሰን የተባለው አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም በ1948 ያንን ጠባብ ክፍል ቆርጦ ጤነኛውን ወደ ታች ስቦ የማገናኘቱን ዘዴ አሳወቀ፤ የዛሬዎቹም ከዚያ የመጡ ናቸው። ለማረጋገጥ ከፊንጢጣ ውስጥ ትንሽ ሥጋ ተቆንጥሮ በማይክሮስኮፕ ይታያል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ትኩሳት፣ የሆድ መነፋትና የሚከረፋ ተቅማጥ ከታየ፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላም ቢሆን፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ውሰጂው።

ፈተና ሲደርስ እኔን ያስቀምጠኛል፣ ጓደኛዬን ያደርቀዋል። የቱ ነው ትክክል?

ሁለታችሁም። ከአከርካሪ የሚወጡት የድንጋጤ ነርቮች ኖርአድሬናሊን በሚባል ኬሚካል አንጀትን ያቀዘቅዛሉ። ጭንቀት ደግሞ በሌላ መስመር፣ ከአንጎል ተነስቶ፣ ትልቁን አንጀት ያጣድፋል። ማን ያሸንፋል የሚለው ከሰው ሰው ይለያያል።

ለጀርባዬ ትራማዶል ከጀመርኩ ወዲህ ሆዴ ድርቅ አለ። ተልባ ይበቃል?

ብቻውን አይበቃም። እንደ ትራማዶል ያሉ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች የሚገፋውንም የሚያላላውንም ነርቭ አንድ ላይ ዝም ያሰኛሉ፤ አንጀቱ ቅንጅቱን ያጣል። መድኃኒቱን እስከወሰድክ ድረስ ድርቀቱም አብሮህ ይቆያል፤ ስለዚህ ማስታገሻውን በራስህ ፈቃድ ሳታቋርጥ፣ አብሮ የሚወሰድ የሆድ ማለስለሻ ሐኪምህን ጠይቅ።