አኩኩሉ በጂፒኤስ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጂኦካሺንግ አንዱ ሣጥን ደብቆ ቦታውን በኬክሮስና በኬንትሮስ ቁጥር የሚናገርበት፣ ሌላው በስልኩ ፈልጎ አግኝቶ ውስጡ ባለው ደብተር ላይ ስሙን የሚጽፍበት ጨዋታ ነው። የዚህ ወር ጥያቄዎች ከጎንደር የመጡ ናቸው።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ ከአንገረብ ግድብ በላይ ባለው ዳገት ሣጥን ደብቀን ቁጥሩን ለጓደኞቻችን ሰጠን። ከ600 ሜትር በላይ ርቆ ሌላ ሸንተረር ላይ አወጣቸው። ጥፋቱ የስልኩ ነው የኛ?

መልስ፦ ስልክ በጥቂት ሜትር ይሳሳት እንጂ ግማሽ ኪሎ ሜትር አይስትም። 600 ሜትር የሚያህል ስሕተት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቁጥሩ አጻጻፍ ነው። በዚህ ጨዋታ ቦታ የሚጻፈው በዲግሪና በደቂቃ (የዲግሪ አንድ ስድሳኛ እንጂ የሰዓት ደቂቃ አይደለም) ሲሆን ከነጥቡ በኋላ ያለው የደቂቃ ክፍልፋይ ነው፤ ሰከንድ አይደለም። 36.50 ደቂቃ ማለት 36 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነው። ተቀባዩ «36 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ» ብሎ ካስገባው 20 ሰከንድ ተጨመረ። በኬክሮስ አንድ ሰከንድ ወደ 31 ሜትር ስለሆነ 617 ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ሄዳችሁ ማለት ነው። ቁጥሩን ስትሰጡ ከነጥቡ በኋላ ሦስት አሃዝ (36.500) ጻፉ፤ ያኔ ማንም ሰከንድ ነው አይልም።

ስሕተቱ 200 ሜትር አካባቢ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እንጠረጥር ነበር። በአገራችን ያለው የቆየው 1፡50,000 ካርታ የተሠራው አዲንዳን በሚባለው የቦታ መለኪያ መነሻ ነው፤ ስልክ ደግሞ ደብልዩ ጂ ኤስ 84 በሚባል ሌላ መነሻ ይሠራል። የካርታውን የዩቲኤም ቁጥር (ቦታን በዞንና በሜትር የሚናገር ቁጥር ነው፤ ጎንደር ዞን 37 ውስጥ ናት) ሳይቀይሩ ስልክ ውስጥ ማስገባት ይህን ያህል ያስታል።

ሁለቱ ከተስተካከሉ በኋላ የሚቀረው የዳገቱ ጣጣ ነው። ሜዳ ላይ ስልክ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይሳሳታል፤ ጥጋጥግ ላይ ግን ተራራው ግማሹን ሰማይ ይሸፍናል፣ ምልክቱም ከቋጥኝ እየነጠረ ይመጣል። ስለዚህ ስልኩን ሣጥኑ ላይ አስቀምጣችሁ 5 ደቂቃ ጠብቁና መዝግቡ። 30 ሜትር ራቁ፣ በሌላ አቅጣጫ ተመልሳችሁ ድገሙት፤ ሦስተኛውን በሌላ ቀን። የመጨረሻዎቹ ሦስት አሃዞች 412፣ 418፣ 415 ከሆኑ 415ን ያዙ። አንዱ 440 ካለ ጣሉት፤ የኬክሮስ አንድ ሺኛ ደቂቃ 1.85 ሜትር ነውና ያ ቁጥር 46 ሜትር ያህል ርቋል።

ለፈላጊዎቹም ንገሯቸው፦ ስልኩ የሚያሳየው ርቀት አግድም የተለካ ነው። 30 ዲግሪ በሚያዘነብል ዳገት 100 ሜትር ሲል እግር የሚሄደው 115 ሜትር ነው። «8 ሜትር ቀርቷል» ብሎም ሣጥኑ ከገደሉ ሥር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጋር ፍንጭ ስጡ፤ «ከመንገዱ በላይ፣ ከወይራው በስተግራ» ቢባል ይበቃል።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ ሣጥናችን ጥብቅ ክዳን ነበረው፤ ክረምቱ ሲወጣ ግን ደብተሩ ሊጥ ሆኖ አገኘነው። በየት ገባ?

መልስ፦ በክዳኑ። ቀን ፀሐይ ሲያሞቀው ውስጡ ያለው አየር ይለጠጥና ይወጣል፤ ማታ ዝናብ ሲያቀዘቅዘው መልሶ ይስባል። ጎማው ላይ አንዲት የሣር ሰበዝ ካለች ከአየሩ ጋር ውሃም ይገባል። ስለዚህ በአራት ጎን ቀጭ የሚል፣ የጎማ ቀለበት ያለው የግማሽ ሊትር የምግብ ዕቃ ምረጡና ፈትኑት። ደረቅ ሶፍት አስገብታችሁ ድንጋይ ጫኑበትና ባልዲ ውሃ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ሶፍቱ ከራሰ ያ ዕቃ ለሽሮ ነው።

ደብተሩን በሚዘጋ ላስቲክ፣ ከጫማ ካርቶን የሚገኙትን ሁለት የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች አብራችሁ ክተቱት። እስክሪብቶ ይፈስሳል፤ ቁራጭ እርሳስ ይሻላል። ከረሜላም ሆነ ሽታ ያለው ሳሙና አይግባ፤ አይጥና ጅብ ክዳን አይከለክላቸውም። ጉድጓድም አትቆፍሩ። የጨዋታው ደንብ ይከለክላል፣ ዋልካ አፈር ላይም ጉድጓዱ በሐምሌ ኩሬ ይሆናል። ካዘነበለ ድንጋይ ሥር፣ ክዳኑን ወደ ታች አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ጥያቄ (ከቀሃ)፦ ከግድቡ ምን ያህል ብንርቅ ይበቃል? ተከዜ ላይስ መደበቅ ይቻላል?

መልስ፦ ግድቡ ላይ፣ ማስተንፈሻው አጠገብ ወይም አጥር ላይ ጨርሶ አይደበቅም። ጨዋታው ከላይ ሆኖ ማየት ነው፣ ዳገቱ ይበቃችኋል። ጥበቃዎቹንና ቀበሌውን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ በወቅቱ ጸጥታ ምክንያት አትሂዱ ካሏችሁ ይቅር። ውጭ አገር የጥይት ሣጥን ይወደዳል፣ እዚህ ግን አይታሰብም። ውስጡ የሚታይ ዕቃ ይሁን፤ ላዩ ላይ «የጨዋታ ሣጥን ነው፣ አደገኛ ነገር የለበትም» ብላችሁ በጉልህ ጻፉ።

ከታች ደግሞ የውሃውን ጠርዝ ተጠንቀቁ። በግንቦት ደረቅ ሆኖ ያያችሁት ዳር በመስከረም ይዋጣል፤ ሣር የማይበቅልበት ራቁት መስመር ውሃው የደረሰበት ወሰን ነውና ከሱ በላይ ውጡ። የእርከን ካብ ውስጥ ግን አትደብቁ። ፈላጊ ሁሉ ድንጋዩን ይንደዋል፣ አፈሩ በመጀመሪያው ዝናብ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ አንገረብ ያለበት ደለል ይበቃዋል።

አንገረብ የከተማው የመጠጥ ውሃ ነው፤ ተከዜ ግን 188 ሜትር ከፍታና 300 ሜጋ ዋት ያለው የኃይል ማመንጫ ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ ግድብ በታች ወንዙ ዝናብ ሳይዘንብ፣ ተርባይን ሲነሳ ወይም በር ሲከፈት በድንገት ይሞላል። ወንዙ ውስጥ ማንንም አትላኩ። ሁለተኛ ሣጥን ከጨመራችሁ ደግሞ ከመጀመሪያው ቢያንስ 161 ሜትር ይራቅ።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ኔትወርክ ከሌለ አይሠራም?

መልስ፦ ይሠራል። ጂፒኤስ ከሳተላይት እንጂ ከማማ አይቀበልም፤ ካርታውን ብቻ ቤት ሳላችሁ አውርዱ። ለሲቪል ሰው የሚላከው ምልክት ሆን ተብሎ መደብዘዙ የቀረው ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያው ሣጥን በማግሥቱ አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ ተደበቀ። ከዚያ በፊት ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ስለነበር እንኳን ግማሽ ሊትር ዕቃ፣ በርሜልም ባልተገኘ። አንድ ነገር ግን ሳተላይት አይነግራችሁም፦ ዳገቱ ላይ የሚውሉት እረኞች ስትደብቁ አይተዋችኋል። ሣጥኑን አሳዩአቸው፣ ምን እንደሆነ ንገሯቸው፣ ከፈለጉም ደብተሩ ላይ ቀድመው ይጻፉ።