ምላጩ የላላው ሪቮልቨር ለምን ይከሽፋል?

ከሞላሌ አንድ ወንድም ጽፎልኛል። የመሣሪያ ፈቃዱን ጨርሷል። ለቤቱ የሚሆን አነስተኛ ሪቮልቨር፣ ማለትም ጥይቱ በሚሽከረከር ሲሊንደር ውስጥ የሚቀመጥ ሽጉጥ፣ ይፈልጋል፤ ሁለት ቀርበውለታል። ሁለቱም ደብል አክሽን ናቸው። መዶሻውን (ከኋላ ያለውን መቺ ብረት) በአውራ ጣት ሳትስብ ምላጩን (በሌባ ጣት የሚሳበውን) ብቻ ስበህ መተኮስ ትችላለህ ማለት ነው። አንዱ 0.22 ነው፤ የጥይቱ ውፍረት በኢንች ማለት ነው። ቀለሙ አልለቀቀም፤ ምላጩ ልስልስ ነው፤ ሻጩም «ባለሙያ አስተካክሎት ነው» ብሎታል። ሌላው 0.32 ነው። ቀለሙ ተገፏል፤ ምላጩ ጣት ያደክማል። የወንድማችን ልብ ወደ 0.22ቱ አዘንብሏል። ግን ሲሞክሩት፣ ምላጩን ብቻ እየሳቡ ከሞከሯቸው ስድስት ጥይቶች ሁለቱ ከሸፉ። ሻጩ አንዱ ሲከሽፍበት ወዲያው ደግሞ ይስብና ቀጣዩን ይተኩሳል። የከሸፉትን በኋላ መዶሻውን በአውራ ጣት ስበው ሲሞክሯቸው ሁለቱም ተኮሱ። «ጋሼ፣ ጥይቱ አርጅቶ ይሆን? ሽጉጡን ልግዛው?» ነው ጥያቄው።

ወንድም ዓለም፣ መልሱን ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር። ያ ሻጭ ያደረገውን አንተ እንዳታደርገው። ጥይት ሲከሽፍ ወዲያው ደግመህ አትሳብ። አንዳንድ ጥይት ዘግይቶ ነው የሚፈነዳው። ሪቮልቨር ላይ ምላጩን ደግመህ ስትስብ ሲሊንደሩ ይዞራል፤ የዘገየው ጥይት ከአፈሙዙ ፊት ዞር ይላል። በዚያ ቅጽበት ቢፈነዳ አረሩ የሚወጣበት ቀዳዳ የለውም። ብረቱን ሊሰብር፣ እጅህን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ሲከሽፍ አፈሙዙን ወደ አፈር ግድግዳ እንዳዞርክ ቢያንስ 30 ሰከንድ ቁጠር። እኔ አንድ ደቂቃ እቆያለሁ። ከዚያ በኋላ ብቻ ሲሊንደሩን ክፈት።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ጥይቱ ቢሆን ኖሮ በአውራ ጣት ስትስበውም አልፎ አልፎ ይከሽፍ ነበር። የጥይት ቤቱ፣ ጥይቱ የሚገባበት የሲሊንደሩ ቀዳዳ፣ ቆሻሻ ቢሆንም እንደዚያው። ያንተ የሚከሽፈው ምላጩን ብቻ ስትስብ ነው። ምላጩ ደግሞ ልስልስ ነው፤ «ባለሙያ አስተካክሎታል»። እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ስሰማ የሚታየኝ አንድ ነገር ነው፦ የመዶሻው ሞላ ተሞርዷል ወይም ተቆርጧል። ያማረህ ልስላሴ ራሱ በሽታው ነው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳህ። ይህ ነገር ስላልገባቸው ብዙ ጥሩ ጥሩ ሽጉጦች ተበላሽተዋል። 0.22 ጥይት እንደ ትልልቆቹ ቂጡ መሐል ላይ ካፕሱል፣ የሚቀጣጠል ቅመም የያዘ ትንሽ ቆብ፣ የለውም። ቀለሁን ገልብጠህ እየው፤ ቂጡ ልሙጥ ነው። የሚቀጣጠለው ቅመም ያለው ዙሪያውን በተጠቀለለው ጠርዝ ውስጥ ነው። ፋብሪካው እርጥቡን ቅመም ከቀለሁ ውስጥ ይጨምርና ያሽከረክረዋል፤ ቅመሙ ወደ ጠርዙ ይሰበሰባል። እንዲቀጣጠል መዶሻው የሚገፋው መርፌ ጠርዙን በጥይት ቤቱ አፍ ላይ አስደግፎ መጨፍለቅ አለበት። የሚጨፈለቀው ናስ ነው። ናሱን አጥፎ ውስጡ ያለውን ቅመም ለመፍጨት ጠንካራ ምት ይፈልጋል። ክብሪትም ቀስ አድርገህ ብታሸው አይነድም፤ መምታት አለበት። መሐሉ ላይ ካፕሱል ያለው ጥይት ግን ቅመሙ በቀጭን ቆብ ሥር ነው፤ ከኋላው መደገፊያ አለው፤ በቀላል ምት ይነሣል። ለዚህ ነው የ0.22 ደብል አክሽን ምላጭ ከ0.32ቱና ከ0.38ቱ ብዙ ጊዜ የሚከብደው። ፋብሪካው አውቆ ነው ያከበደው።

አሁን ሁለተኛውን ጨምርበት። መዶሻውን በአውራ ጣት ስትስብ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ይሄድና እዚያ ይያዛል። ምላጩን ብቻ ስትስብ ግን እዚያ አይደርስም። ትንሽ ሲቀረው ያመልጥና ይወድቃል። የወደቀበት መንገድ ያጥራል፤ ሞላውም ያነሰ ተወጥሯል። ምቱ ይደክማል። ጤነኛ ሞላ ይህን ልዩነት ይችለዋል፤ ከበቂ በላይ ጉልበት ተሰጥቶታል። ሞላውን ሞርደህ ያንን ትርፍ ስትወስድበት፣ በአውራ ጣት የተሳበው ገና ይተኩሳል፤ በምላጭ ብቻ የተሳበው ግን አንዴ ይነሣል አንዴ ይከሽፋል። ያንተ ከስድስት ሁለት ይኸው ነው። ደጋ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ውስጡ ያለው ዘይት ይወፍርና መዶሻውን ያዘገየዋል፤ ከስድስት ሁለት የነበረው ከስድስት አራት ሊሆን ይችላል።

ግምቴን ለማረጋገጥ ቀለሆቹን ተመልከት። በአውራ ጣት የተተኮሱትን ለብቻ፣ በምላጭ ብቻ የተተኮሱትን ለብቻ አድርግ። በጠርዙ ላይ የመርፌውን ምልክት እይ። የመጀመሪያዎቹ ጠልቀው፣ ሁለተኛዎቹ ስስ ሆነው ካገኘህ ነገሩ አልቋል። ሁለቱም እኩል ጠልቀው ካገኘህ ግን እኔ ተሳስቻለሁ፤ ያኔ ጥይቱን ጠርጥር።

የምላጩን ክብደትም መለካት ትችላለህ። ሲሊንደሩን ክፈት፣ አራግፍ፣ ስድስቱንም በዓይንህ ቁጠር። ከዚያ የተተኮሱ ቀለሆችን መልሰህ አስገባ። 0.22ን ባዶውን ማስጮህ አይገባም፤ መርፌው የሚጨፈልቀው ጠርዝ ሲያጣ የጥይት ቤቱን አፍ ይመታል፣ እዚያ ጎድጎድ ያደርገዋል። ብዙ ሻጭ ለማሳየት ብሎ ቀጭ ቀጭ እያደረገ ሽጉጡን የሚገድለው በዚህ ነው። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት ሽቅብ አድርገህ ያዝ፤ በምላጩ ላይ ሽቦ አንጠልጥል፤ በሽቦው ጀሪካን። ሌላ ሰው በጎን ቆሞ ውሃ ይጨምርበት። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። ከ4 ኪሎ በታች መዶሻው ከወደቀ፣ ለ0.22 ደብል አክሽን ያ ጤና አይደለም።

ከመተውህ በፊት ግን አንድ ቀላል ነገር እይ። በአንዳንድ ሪቮልቨር፣ በተለይ በስሚዝ ኤንድ ዌሰንና በአምሳያዎቹ፣ በእጀታው ፊት ወደ ታች በኩል ትንሽ ብሎን አለች። ሞላውን ወጥራ የምትይዘው እሷ ናት። ሞላውን ከመሞረድ ይልቅ እሷን አላልቶ «አለሰለስኩት» የሚል አለ። እሷ ላልታ ከሆነ እስከ መጨረሻ ማጥበቅ ነው፤ በልኳ ካቻቢቴ። ሽጉጡ ይድናል። ተሞርዶ ከሆነ ግን የፋብሪካ ሞላ ካልተገኘለት አትንካው። ከጃንጥላ ብረት፣ ከመጋዝ ስባሪ የተሠራ ሞላ ብዙ አይቻለሁ። ወይ ይታጠፋል ወይ በብርድ ይሰበራል። ሞላውን በፒንሳ ማጠፍ፣ ከሥሩ ሮንዴላ መወተፍ፣ ይህ ሁሉ ጥገና አይደለም። የሚያናድደኝ «ባለሙያ» የተባለ ሰው በአንድ ሞረድ ደህናውን የሰው ንብረት ሲያበላሽና ገንዘብ ሲቀበልበት ነው። የብሎኖቹን ራስ እይ። ተፍቀው፣ አፋቸው ተበልቶ ካየህ በማይመጥን ካቻቢቴ የተከፈተ ሽጉጥ ነው። ውስጡም እንደዚያው ነው።

አሁን ወደጠላኸው 0.32 እንሂድ። እኔ የማዘነብለው ወደሱ ነው። መሐሉ ላይ ካፕሱል ያለው ነው፤ አስተማማኝ ይተኩሳል። 0.32 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሎንግ የወጣው በ1896 እ.ኤ.አ. ነው፣ ዐድዋ በተዋጋንበት ዓመት። እስከዛሬ የቆየው ስለሚሠራ ነው፤ ግፊቱ ልዝብ ነው፤ እጅ አይመታም። ቀለሙ መገፈፉ ምንም ማለት አይደለም። በአፎት ውስጥ ሲወጣ ሲገባ የኖረ ሁሉ ይገፈፋል።

የምላጩ ክብደት ግን ሁለት ዓይነት ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ሆኖ የሚከብድ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ጣትህ ይለምደዋል። እየተንጓጓ፣ እየያዘ እየለቀቀ የሚከብድ ከሆነ ውስጡ ዝገት ወይም የደረቀ ዘይት አለ። እዚህ አካባቢ መሣሪያ ከአባት ለልጅ ሲወርድ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ቅቤ ወይም የኑግ ዘይት ተቀብቶ ነው። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ቅቤ በውስጡ ውሃ አለው፤ ብረት ያዝጋል። የኑግ ዘይት ደግሞ አየር ሲያገኘው ይደርቅና እንደ ሙጫ ይይዛል። በላምባና በጥርስ ብሩሽ አጥበህ፣ አድርቀህ፣ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጠብታ ጠብታ አድርግ። አታጥለቅልቀው። ብዙ ጊዜ የምላጩ መንጓጓት በዚህ ብቻ ይቀራል።

ከዚያ በኋላ የምትፈትነው ይህን ነው። ሲሊንደሩ ባዶ ይሁን፤ አሁንም ክፈትና ቁጠር። መዶሻውን በአውራ ጣት በጣም በቀስታ ሳብ። ሲሊንደሩ ዞሮ «ቀች» ብሎ መቆለፍ ያለበት መዶሻው ሙሉ በሙሉ ከመያዙ በፊት ወይም አብሮት ነው። ስድስቱንም እንዲህ ሞክር፤ አንዱ ብቻ የሚዘገይ ሊኖር ይችላል። መዶሻው ተይዞ ሲሊንደሩ ገና ካልቆለፈ ጥይቱ ከአፈሙዙ ጋር አልገጠመም። አረሩ ጠርዙን ይፍቃል፣ የእርሳስ ፍንጣሪ በጎን ይረጫል። አጠገብህ የቆመውን ሰው ዓይን ያጠፋል። እንዲህ ያለውን ርካሽ ነው ብለህ አትግዛ።

በሲሊንደሩና በአፈሙዙ የኋላ ጫፍ መሐል ያለውን ክፍተት በደብተር ወረቀት ለካ። አንድ ቅጠል ወረቀት ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ወይም ሁለት ቅጠል ቢገባ ደህና ነው። ሦስት ከገባ ተበልቷል። አንድም ካልገባ ትንሽ ሲቆሽሽ ይጣበቃል። ከዚያም መዶሻውን ስበህ እንደተያዘ ከኋላ በአውራ ጣትህ ወደፊት ጫን አድርገው። ከወደቀ መያዣው ተሞርዷል። ለማንም ቢሆን አይሆንም።

ሁለቱንም ሽጉጦች በማግኔት ንካ። ሲሊንደሩንም አፈሙዙንም ማግኔት ካልሳባቸው ተወው። ለድምፅ ብቻ ተሠርተው በኋላ የተበሱ ሽጉጦች ይዞራሉ። አብዛኞቹ የዚንክ ቅይጥ ናቸው። የዚንክ ቅይጥ እውነተኛ ጥይት አይችልም፤ እጅ ላይ ይፈነዳል። የዋጋቸው መርከስ ከዚህ ነው።

0.32ን ከወሰድክ ስለ ጥይቱ ተጠንቀቅ። 7.65 የሚባለው የአውቶማቲክ ሽጉጥ ጥይት በብዙ 0.32 ሪቮልቨር ውስጥ ይገባል። ገባ ማለት ግን ሊተኮስበት ይገባል ማለት አይደለም። ግፊቱ ከፍ ያለ ነው፤ ለአሮጌ ሪቮልቨር አልተሠራም። «ያው 0.32 ነው» የሚልህን አትስማ። ስለዚህ ሽጉጡን ከመግዛትህ በፊት ትክክለኛው ጥይት በሕጋዊ መንገድ ይገኝ እንደሆነ ጠይቅ። ካልተገኘ ብረቱ የቱንም ያህል ቢያምር ለምን ትገዛዋለህ?

አሮጌ ከሆነ ደግሞ ሌላም አለ። ብዙዎቹ መዶሻውን ከመርፌው የሚለይ ጋሻ የላቸውም። ከወደቀ ወይም መዶሻው ከተመታ ይተኩሳል። አምስት ብቻ አጉርስ፤ መዶሻው ያረፈበት የጥይት ቤት ባዶ ይሁን። በቅሎ ላይ ስትወጣ፣ ገደል ስትወርድ ይህን አትርሳ። ቤት ስትገባም ልጆች ከማይደርሱበት ቆልፈህ አስቀምጥ።

ወረቀቱን ከብረቱ ጋር አስተያይ። በአካሉ ላይ የተመታው ቁጥር ሻጩ ከያዘው ፈቃድ ጋር አንድ መሆን አለበት። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መያዝም መሸጥም ወንጀል ነው። ቁጥሩ ከተፋቀ ወይም ከተሞረደ ዋጋውን ሳትጠይቅ ተወው። ዝውውሩም ፈቃዱን በሰጠህ አካል በኩል ይፈጸም።

የ0.22ቱን ቀለሆች ከአንዱ ሰው ጋር ደብረ ብርሃን ላክልኝ፤ የቱ በአውራ ጣት የቱ በምላጭ እንደተተኮሰ በወረቀት ለይተህ። አይቼ ሞላው ይሁን ብሎኗ እነግርሃለሁ። እስከዚያ ድረስ ያን ሽጉጥ አትተኩስበት፤ ድንገት ሻጩ እንሞክረው ቢልህና ቢከሽፍም፣ ደግመህ አትሳብ፣ ቆይና ክፈት።