የመኪናዬ ወለል ለምን ረጠበ? ጥያቄና መልስ

ዝናብ በመጣ ቁጥር አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰኛል፤ «መኪናዬ ውስጥ ውኃ ገባ፤ የቱን ልድፈን?» የሚል። የሰው መኪና ሞኬት እየገለጥኩ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ከተከፈተ ቀዳዳ ይልቅ ያስቸገረኝ የተደፈነ መውጫ ነው። ዛሬ ያላችሁን ሁሉ ጠይቁኝ። ብቻ ሲሊከኑን ከመግዛታችሁ በፊት ይሁን።

ጥያቄ፦ ከዝናብ በኋላ ከፊት ተሳፋሪው እግር ሥር ኩሬ ይጠብቀኛል። የፊት መስታወቱን ዙሪያ ሁለት ጊዜ አስደፈንኩ፤ ለውጥ የለም። ሦስተኛ ጊዜ ላስደፍን?

መልስ፦ ተዉት። ኮፈኑን ይክፈቱና ከዝናብ መጥረጊያዎቹ ሥር ያለውን ጥቁር የፕላስቲክ ክዳን ይመልከቱ። ከእሱ በታች ከአንዱ ፓራፋንጎ እስከ ሌላው የተዘረጋ የላሜራ አሸንዳ አለ። መስታወቱን አጥቦ የወረደው ዝናብ ሁሉ እዚያ ይገባል፤ እንዲገባም ታስቦ ነው የተሠራው። ከዚያ በሁለቱ ጫፎች ባሉት ቀዳዳዎች አልፎ ከፓራፋንጎው ጀርባ መሬት ላይ ይፈስሳል። ቅጠልና አቧራ አንድ ላይ ቦክተው ቀዳዳውን ሲዘጉት ግን ውኃው ይቆማል፤ እየጨመረም ይሄዳል።

እዚያው አሸንዳ ውስጥ ወደ መኪናው የሚገባው የንጹሕ አየር አፍ ይገኛል። ዙሪያው ከፍ ያለ ከንፈር ስላለው ትንሽ ውኃ አያልፈውም። አሸንዳው ሲሞላ ግን ውኃው ከንፈሩን ይሻገርና በአየር ማራገቢያው በኩል ቁልቁል ተሳፋሪው እግር ላይ ይወርዳል። ማረጋገጫ ከፈለጉ የካቢኑን የአየር ማጣሪያ ያውጡ፤ በብዙ መኪኖች ከተሳፋሪው ፊት ካለው መሳቢያ ጀርባ ነው። ማጣሪያው ከረጠበ ወይም የደረቀ የጭቃ መስመር ከያዘ መስታወትዎ ከክስ ነጻ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ አሸንዳውን እንዴት ላጽዳው? ክዳኑን ለማንሳት መጥረጊያዎቹ መፈታት አለባቸው?

መልስ፦ በአብዛኛው አዎ። ከመፍታትዎ በፊት መጥረጊያው ያረፈበትን ቦታ መስታወቱ ላይ በፕላስተር ምልክት ያድርጉበት፤ አለዚያ ሲመልሱት ከቦታው ውጪ ይቆማል። የክዳኑ ማያያዣዎች ባረጀ መኪና ላይ በቀላሉ ስለሚሰበሩ በካቻቢቴ በኃይል አይፈልቅቋቸው።

ቆሻሻውን በእጅ ይልቀሙት። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ውኃ በኃይል ይለቅበትና ቅጠሉን ወደ መውጫው ይጠቀጥቀዋል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። በብዙ መኪኖች የመውጫው ጫፍ ላይ የጎማ ከንፈር አለ፤ በጣት ጨመቅ ሲያደርጉት የቦካ አፈር ይወጣል። ሲጨርሱ አንድ ጆግ ውኃ አሸንዳው ውስጥ ያፍስሱና ሰው መሬቱን ይይልዎት፤ በሁለቱም በኩል መውረድ አለበት።

ጥያቄ፦ የእኔ ዝናብ በሌለበትም ይረጥባል።

መልስ፦ እንግዲያው ከዝናቡ ጋር አይጣሉ። አየር ማቀዝቀዣው ሲሠራ ቀዝቃዛው ክፍል ላይ ጤዛ ይጠራቀምና በቀጭን ቱቦ ከመኪናው ሥር ይንጠባጠባል። በሞቃት ቀን ማቀዝቀዣው እየሠራ ከመኪናው ሥር ምንም ካልተንጠባጠበ፣ ሞኬቱ ግን ከረጠበ፣ ያ ቱቦ ተደፍኗል። ውኃውን በነጭ ሶፍት ይንኩት። ጥርት ያለና ሽታ የሌለው ከሆነ የማቀዝቀዣው ጤዛ ነው። የሚያጣብቅ፣ ጣፋጭ የሚሸት፣ መስታወቱንም በቅባታማ ጉም የሚሸፍን ከሆነ ግን ከዳሽቦርዱ ጀርባ ካለው ማሞቂያ የሚያፈስ የራዲያተር ፈሳሽ ነው። ያኔ ወደ መካኒክ ይሂዱ። ፈሳሹ መርዛማ ስለሆነ ሕፃናትንና እንስሳትን ያርቁ።

ጥያቄ፦ መኪናዬ የጣሪያ መስኮት አላት። የመስኮቱን ዙሪያ ጎማ አዲስ አስቀየርኩ፤ አሁንም በጣሪያው መብራት በኩል ይንጠባጠባል። ጎማው የማይረባ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ጎማው ጥፋት የለበትም። የጣሪያ መስኮት ጎማ አብዛኛውን ውኃ ይመልሳል እንጂ ሁሉንም እንዲያግድ አልተሠራም። አልፎ የገባውን የሚቀበል በመስኮቱ ዙሪያ ቦይ አለ፤ በአብዛኞቹ መኪኖች ከአራቱ ማዕዘኖች አራት ቀጫጭን ቱቦዎች ይነሳሉ። የፊቶቹ በፊት መስታወቱ ግራና ቀኝ ባሉት ምሰሶዎች ውስጥ ወርደው በበሩ ማጠፊያ አካባቢ ወይም ከፓራፋንጎው ጀርባ ይወጣሉ። የኋላዎቹ በኋላ ምሰሶዎች ወርደው ከኋላው ፓራውልት ጀርባ ወይም ከኋላው ተሽከርካሪ ጎማ አካባቢ ይወጣሉ።

መስኮቱን ይክፈቱና በእያንዳንዱ ማዕዘን ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ቀስ እያሉ ያፍስሱ። ወዲያው ሄዶ መሬት ላይ ከታየ ያ ቱቦ ጤነኛ ነው። ቦዩ ውስጥ ከቆመ ተደፍኗል። ቦዩ ባዶ ሆኖ መሬት ላይ ምንም ካልታየ፣ ሞኬቱ ግን ከረጠበ፣ ቱቦው ከመጋጠሚያው ወልቋል ወይም ተቀዷል፤ ይህ ከሦስቱ ክፉው ነው፤ የምሰሶውን ሽፋን ማንሳት ይጠይቃል። ለተደፈነው የሣር ማጨጃ ማሽን የናይሎን ክር ከሁሉ ይሻላል፤ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለውን ይውሰዱ፤ ጫፉን በእሳት አለስልሰው ያድበልብሉት፤ እያሽከረከሩ ቀስ ብለው ያስገቡት። የብረት ሽቦ ግን ቱቦውን ይበሳል።

ጥያቄ፦ በኮምፕሬሰር ቢነፋስ?

መልስ፦ ቆሻሻው አልነቃነቅ ሲል ቱቦው ራሱ ከመጋጠሚያው ይወልቃል። ከዚያ ወዲያ ዝናቡ በሙሉ ወደ ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ በሩን ስዘጋ ውስጡ ውኃ ሲንቦጫረቅ ይሰማኛል። የመስታወቱን ሞተር ካስቀየርኩ ወዲህ ደግሞ በዚያው በኩል ወለሉ ይረጥባል።

መልስ፦ ሁለት ችግር ነው ያለብዎት። በመስታወቱና በበሩ መካከል ያለፈ ዝናብ በበሩ ሆድ ውስጥ ወርዶ ከታችኛው ጠርዝ ባሉት ቀዳዳዎች መውጣት አለበት። መንቦጫረቁ ቀዳዳዎቹ መደፈናቸውን ይናገራል። በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ስንጥር ይክፈቷቸው፤ ብረት ቀለሙን ይፍቅና ዝገት ይጠራል። እግርዎንም ገለል ያድርጉ፤ ሲከፈት የሚወጣው ውኃ ብዙ ነው።

ሁለተኛው የሰው ሥራ ነው። ከበሩ የውስጥ ሽፋን ጀርባ ዙሪያውን የተጣበቀ ላስቲክ አለ፤ የገባው ውኃ ወደ ወለሉ እንዳያልፍ የሚያግደው እሱ ነው። ሞተር የሚቀይር ሰው ይቀደዋል ወይም በፕላስተር ለጠፍ አድርጎ ይተወዋል። ያንን ላስቲክ እንደ ትርፍ ነገር የሚጥል ባለሙያ ሳይ ደሜ ይፈላል። በቡቲል ማጣበቂያ እንደገና ይለጠፍ፤ የታችኛው ጠርዙም ወደ በሩ ሆድ እንዲገባ ይደረግ።

ጥያቄ፦ ተጠባባቂው ጎማ ውኃ ውስጥ ተቀምጧል።

መልስ፦ የኋላ መብራቶቹ ጎማ፣ ከፓራውልቱ ጀርባ ያሉት የአየር ማስወጫዎች፣ የኋላው ክዳን ጎማ፣ የጣሪያ መስኮት ካለም የኋላ ቱቦዎቹ ተጠርጣሪዎች ናቸው። ቦታውን ያድርቁና የሕፃን ፓውደር ይነስንሱበት። አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሌላው ከውጭ በቀስታ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ያፍስስ። ከላይ ከጀመሩ ሁሉም ነገር ይረጥብና የገባበት አይለይም። ፓውደሩ ላይ የሚሠመረው መንገድ መነሻውን ያሳያል።

ጥያቄ፦ አንድ ቀን ከፊት፣ ሌላ ቀን ከኋላ ይረጥባል። ሁለት ቀዳዳ ይሆን?

መልስ፦ መኪናው የቆመበትን ዳገትና ቁልቁለት ያስተውሉ። አፍንጫው ወደ ታች ሲሆን ውኃው ወደ ፊት ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ሞኬቱን ፀሐይ ላይ አደረቅሁት፤ ሽታው ግን አልለቀቀም።

መልስ፦ የደረቀው ፊቱ ብቻ ነው። ከሞኬቱ ሥር ወፍራም ስፖንጅ አለ፤ ያ ስፖንጅ ውኃ ከጠጣ ለሳምንታት ይዞት ይቆያል። ሻጋታ ደግሞ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይጀምራል። የበሩን ደፍ ሽፋን አንስተው ሞኬቱን ከፍ ያድርጉ፣ ከሥሩ እንጨት ያስገቡ፣ በውኃ መሳቢያ ማሽን ይሳቡት፣ ከዚያም ቀን ከሌሊት በማራገቢያ ይንፉት። ቢካርቦኔት የሚነሰነሰው ከደረቀ በኋላ ነው። ሽቶ መርጨት ለጊዜው አፍንጫን ማታለል ነው።

ወንበር ማንሳት ካስፈለገ ባትሪውን ይፍቱና ጥቂት ይጠብቁ፤ ከወንበሩ ሥር የኤርባግ ሽቦ ይኖራል። የሽቦ መጋጠሚያዎችንም እያዩ ያድርቁ። ከሞኬት ሥር የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን የሚያስቀምጡ ፋብሪካዎች ጥቂት አይደሉም። እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2005 የተመረተው የቮልስዋገን ፓሳት ትውልድ በዚህ የታወቀ ነው፤ ከባትሪው ሥር ያለው መውጫ ሲደፈን ውኃው ወደ ውስጥ ይገባና የበር ቁልፎችንና መስኮቶችን የሚያዘውን ሳጥን ያርሰዋል። ባለቤቱም በር አልቆለፍ ብሎት የቁልፍ ሠራተኛ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ መኪና ልገዛ ነው። ምን ልይ?

መልስ፦ ሞኬቱን በጉልበት ተጭነው ይሞክሩ፤ የወንበሩን የብረት ሐዲድ ዝገት ይዩ፤ ተጠባባቂውን ጎማ አንስተው ሥሩን ይዳስሱ። ከመጠን በላይ ሽቶ የተረጨበትን መኪና ደግሞ ሁለት ጊዜ ያሽትቱ።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ጠያቂ ነኝ። አሸንዳውን ጠርጌ ሁለት ጆግ አፈሰስኩበት። በሾፌሩ በኩል ብቻ ወረደ።

መልስ፦ እሰይ፣ ግማሹ ሄዷል! የረጠበው በተሳፋሪው በኩል አልነበረም? ያንን ጫፍ በጣትዎ ይዳስሱት፤ የጎማ ከንፈሩ ውስጥ አፈር ያገኛሉ። ጨምቀው ያውጡና እንደገና ያፍስሱ።