መልስ፦ ኦሚክሮን ከዴልታ ነው የመጣው?

ኦሚክሮን የዴልታ ልጅ ነው ወይ ላልከው፣ አይደለም። ሁለቱም ከቀደመው የኮሮና ቫይረስ በየፊናቸው የወጡ የቫይረሱ ዝርያዎች ናቸው።

ቫይረሱ ሲባዛ የዘር መረጃውን ይገለብጣል። እንደ ደከመው ጸሐፊ አንዳንዴ ፊደል ይስታል። አብዛኛው ስህተት ምንም አይጠቅመውም። አንዳንዱ ግን ቶሎ እንዲዛመት ወይም ከክትባት ያገኘነውን መከላከያ እንዲያመልጥ ያግዘዋል። ያኔ ሌሎቹን ጥሎ ያልፋል።

ኦሚክሮን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 በቦትስዋናና በደቡብ አፍሪካ ሲታወቅ፣ ሴል ላይ በሚጣበቅበት ፕሮቲን ላይ ብቻ ከ30 በላይ ለውጦች ነበሩት። ይህ ሁሉ ከየት መጣ? አንዱ ግምት የመከላከል አቅሙ በተዳከመ ሰው ውስጥ ለወራት ቆይቶ ነው የሚል ነው። እኔንም የሚያሳምነኝ እሱ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ቀድመው ያሳወቁት የደቡብ አፍሪካ ሳይንቲስቶች ምስጋና ሲገባቸው፣ አገራቸው የበረራ እገዳ ተጣለባት። ይህ እስካሁን ያናድደኛል።