ጎርጎራ የምትወርድ ተገጣጣሚ ጀልባ ለመሥራት ላሰብኸው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። «ጎንደር ነው የምኖረው። ተፈታትታ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተጭና ጎርጎራ የምትወርድ፣ ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ ጀልባ እቤቴ መሥራት እችላለሁ ወይ? ሁለት ክፍል ትሁን ወይስ ሦስት?» ትላለህ። ትችላለህ፤ ሁለት ክፍል ትሁን። ሦስት ሜትር ለሆነች ጀልባ ሌላ መጋጠሚያ መጨመር ለውሃ ሌላ በር መክፈት ነው። የእኔዋ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ ጣና ላይ አንድም ቀን አልከዳችኝም። ከእርሷ በፊት የሠራኋት ግን ዛሬ የአከራዬ የዶሮ ቤት ናት። ይህን ሁሉ የምጽፍልህም በዚያች በዶሮ ቤቷ ምክንያት ነው።

ስለ መጋዝና ስለ መላጊያ አልነግርህም። አንተም እንደ እኔ በኪራይ ቤት በረንዳ ላይ፣ ከሥራ መልስ እንደምትሠራ እገምታለሁ።

1. ኮምፔንሳቶውን ሳትቀቅል አትግዛ። ቀልድ አይደለም። ነጋዴው ሁሉ «ይህን ውሃ አይበግረውም» ይልሃል። ቁራጭ ለምነህ ውሰድ፤ በድስት አንድ ሰዓት ቀቅለው፤ አድርቀህ ድገመው። ንብርብሩ ከተላቀቀ ለኮርኒስ ይሁን፤ ለቤት ውስጥ ዕቃ የታሰበ ኮምፔንሳቶ ሙጫው እርጥበት አይችልም። ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ይበቃል። 122 በ244 ሳንቲ ሜትር የሆነው አንዱ ፍሬ 10 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሦስት ፍሬ ጀልባዋን ይጨርሳታል። ለማዕዘኖቹ ዋንዛ ፈልግ። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል። እኔ ዋንዛውን ያገኘሁት ከተሰበረ አሮጌ አልጋ ነው፤ ዘመን ያደረቀው ስለሆነ ከአዲስ ጣውላ ይሻላል። ስፌቱን፣ ማለት ኮምፔንሳቶዎቹ የሚገናኙበትን መስመር፣ ለመድፈን የመኪና አካል ጠጋኞች የሚጠቀሙበት ፋይበር ይሠራል። ኢፖክሲ የሚባለውን ሙጫ ካገኘህ ግን ዋጋውን አይተህ አትመለስ፤ እንጨትን አጥብቆ የሚይዘው እርሱ ነው።

2. ክብደቷን አስቀድመህ በወረቀት አስላ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። የእኔዋ ወለል በአማካይ 240 በ75 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ አንድ ሳንቲ ሜትር በሰመጠች ቁጥር 18 ኪሎ ትሸከማለች። ሁለት ሰው 130 ኪሎ፣ ጀልባዋ ከነመቅዘፊያዋ 50 ኪሎ ቢሆን 10 ሳንቲ ሜትር ትሰምጣለች። የጎኗ ቁመት 40 ነው። የቀረውን 30 ለሞገድ ተውለት፤ ሦስተኛ ሰው አትጫንበት።

3. መጋጠሚያው። ገንዘቤን የበላው ይህ ነው። በመጀመሪያዋ ጊዜ ብልህ የሆንሁ መስሎኝ የፊቱን ግማሽ ለብቻ፣ የኋላውን ግማሽ ለብቻ ሠራሁ። በረንዳው ጠባብ ነዋ! ሁለቱንም በአንድ ሜትር ለካሁ፤ ልኩ አንድ ነው። የጥቅምት እሑድ ከሰዓት በኋላ አስጠግቼ ሳቆማቸው ከታች ተነካክተዋል፣ ከላይ ግን ሁለት ጣት ያስገባሉ፤ በቂም የሚተያዩ ጎረቤታሞች ይመስላሉ። እልህ ያዘኝና ብሎን ሰድጄ በጉልበት ሳብኋቸው። ተጋጠሙ። ማታውን ጎኗ ተጣመመ፤ ፋይበሩ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጠቀ። የሦስት ወር ቁጠባዬ ነበረች።

አንተ እንዲህ አድርግ። ከሁሉ በፊት ለመሃል የሚሆኑትን ሁለት ግድግዳዎች ሥራ። በመካከላቸው 4 ሚሊ ሜትር ካርቶን አስገብተህ አጣብቃቸው፤ አንድ ላይ ብሳቸው፤ በብሎን እሰራቸው። ከዚያ እነርሱን እንደ አንድ ግድግዳ ቆጥረህ ጀልባዋን በሙሉ በዙሪያቸው ሥራ። ፋይበሩ ደርቆ ሲያልቅ መጋዙን በካርቶኑ መስመር አስገብተህ ለሁለት ክፈላት። ይህን ስታደርግ ሆድህ ይላወሳል፤ ያለቀ ጀልባ መቁረጥ ቀላል አይደለም። ቁረጥ። የብሎኑ ቀዳዳዎች አብረው ስለተበሱ ሁልጊዜ ይገናኛሉ። የተቆረጠውን ጠርዝ ሳይውል ሳያድር ሸፍነው።

ብሎን ከታች አራት፣ ከላይ ሁለት። አናጢ ጓደኛዬ ከላይ እንዳበዛ መክሮኝ ነበር፤ ተሳስቷል። ሰው መሃል ላይ ሲቀመጥ ውሃው ጫፎቿን ወደ ላይ ይገፋል፤ ሊከፈት የሚታገለው የታችኛው ጠርዝ ነው። ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀቱ ትንሽ የሆነ ውሃ ነፋስ ሲመታው ሞገዱ አጭርና የሚደበድብ ይሆናል። መጋጠሚያው በየሞገዱ ይተነፍሳል። 10 ሚሊ ሜትር የማይዝግ ብሎን፣ ሰፊ ሮንዴላ፣ ከሮንዴላው ሥር ደግሞ ከአሮጌ ካላማዳሪ የቆረጥኸው ጎማ። ጎማውን ብትረሳ ዳዶውን እስከ ነገ ብታጠብቀው ይንጠባጠባል። የፊቱ ክፍል በኋላው ውስጥ ገብቶ እንዲጫን ከፈለግህ ሰፊው ቦታዋ ከመጋጠሚያው በስተኋላ ይሁን፤ መቀመጫውም የሚነሣ ይሁን።

4. ሙከራ። ጓደኞቼ «ጥምቀት ይድረስና ፋሲል መዋኛ ሲሞላ ትሞክራታለህ» እያሉ ሲሳለቁብኝ ነበር። እኔ ግን ሁለቱን ክፍሎች ገጥሜ በርጩማ ላይ አስቀመጥሁና ውሃ ወደ ውስጧ ሞላሁ፤ የሚያፈሰው ቦታ በውጭ በኩል ያልባል። መልካም ዘዴ ነው፤ ግን ውሃ በፈረቃ በሚመጣባት ከተማ አሥር ጀሪካን ጀልባ ውስጥ ማፍሰስ ምን እንደሚያስከትል አስብ። አከራዬ እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ብቅ አሉና «ልጄ፣ ሰው የሚጠጣው ባጣበት ጊዜ አንተ እንጨት ታጠጣለህ?» አሉኝ። የዶሮ ቤቷን ያኔ ነው የሰጠኋቸው፤ ታረቅን።

አምስተኛው ቢሮ ነው፤ ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው። «ሳልጠየቅ ልጠይቅ» ብዬ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድሁ። ልጁ ከስልኩ ቀና ሳይል «ሊብሬ አላት?» አለኝ። ሞተር የላትም አልሁት። «ሞተር ከሌላት ታንኳ ናት።» እሺ፣ ታንኳ ትሁን። «ታንኳ ከደንገል ነው የሚሠራ፤ ይቺ ከእንጨት ናት።» ታዲያ ምን ልበላት? «ኃላፊው ሲመጡ ይወስናሉ።» አራት ቀን ተመላለስሁ፤ በአራተኛው ኃላፊው ተገኙና «ተገጣጣሚ የቤት ዕቃ» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሰጡኝ። በፕላስቲክ አሽጌ ጀልባዋ ላይ ለጥፌዋለሁ። አንተም እንዲህ ያለች ደብዳቤ ከሰጡህ ተቀበላት። መንገድ ላይ የሚያቆምህ ሁሉ ጀልባዋን አያውቃትም፤ ደብዳቤዋን ግን ያከብራል። ከላይ ፖርቶ መጋላው ላይ ስትጫን ደግሞ የሬሳ ሣጥን ትመስላለችና ቢጫ ቀለም ቀባት። የእኔዋ ቡናማ በነበረችበት ጊዜ ከአዘዞ የተሳፈሩ እናት «ነፍስ ይማር» ብለውኛል።

ጎርጎራ ስትደርስ በጠዋት ግባ፤ ከሰዓት ነፋስ ይነሣል፤ እምቦጭ ባለበት መቅዘፊያህን ይጠላልፍብሃል። መጀመሪያ ቀን ስገጥማት አንድ ታንኳ ሠሪ አባት ቆመው አይተውኝ «የእኛይቱ ብትፈታ ደንገል ናት፤ ደንገል ብቻውን ይንሳፈፋል። ያንተይቱስ ብትፈታ?» አሉኝ። እያንዳንዱ ግማሽ የራሱ ግድግዳ ስላለው ብቻውን ይንሳፈፋል አልኋቸው፤ አፌን ሞልቼ አልነበረም። ቤቴ ተመልሼ በየመቀመጫው ሥር ክዳኑ የጠበቀ ባለ 20 ሊትር ባዶ ጀሪካን አሰርሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ስሄድ አንድ ቃል ሳይናገሩ መረባቸውን እኔ ጀልባ ላይ አስቀምጠው ተሳፈሩ።

የጎኖቿን ቅርጽ በካርቶን ቆርጬ አስቀምጫለሁ። መጥተህ ኮምፔንሳቶህ ላይ ንደፍበት፤ ካርቶኑን ግን ይዘህ አትሄድም። የመጀመሪያውን የወሰደው ሰው እስካሁን አልመለሰልኝም።