መጀመሪያ ጭስ ማውጫው ላይ ውጪ

ሰላም እህቴ። በኢንስትሩመንቴሽን (በመለኪያ መሣሪያዎች ሙያ) ተመርቀሽ ሁለት ሥራ ቀርቦልሻል። አንዱ የፋብሪካ ጭስ መለኪያዎችን ቢሮ ቁጭ ብሎ ከርቀት መከታተል፣ ሌላው ጭስ ማውጫው ላይ እየወጡ መጠገን። ቢሮው ትንሽ የተሻለ ይከፍላል፣ ቤተሰብም "ተምረሽ መሰላል ልትወጪ ነው?" እያለ ነው።

እኔ የመስኩን ሥራ ያዢ እላለሁ። አድልዎ አለብኝ፤ ለስድስት ዓመት ያንን መሰላል የወጣሁ ሰው ነኝ።

ጠዋት ስክሪኑን ከፈትሽ እንበል። የሰልፈር ዳይኦክሳይዱ፣ የአንዱ በካይ ጋዝ፣ ንባብ ወርዷል፣ ፋብሪካው ግን ያው ነው። ጭሱ ጸድቶ ነው? ኦክስጅኑን እዪ። ከፍ ካለ የሆነ መጋጠሚያ ላልቶ የውጭ አየር እየሳበ፣ ወደ መለኪያው የሚሳበውን የጭስ ናሙና እያቀጠነው ሊሆን ይችላል፤ አየር 20.9 በመቶ ኦክስጅን ነዋ። ኦክስጅኑ ካልተነካስ? ናሙናውን የሚያመጣው ቱቦ ብዙ ጊዜ 180 ዲግሪ አካባቢ እየሞቀ መቆየት አለበት፤ ከቀዘቀዘ እርጥበቱ ውሃ ይሆንና ጋዙ እዚያው ሟሙቶ ይቀራል። የሚያናድደው፣ የዕለቱ የዜሮና የስፓን ፍተሻ፣ ማለትም መጠኑ የታወቀ ጋዝ ሰጥቶ መለኪያው ልክ ያነብ እንደሆነ ማየት፣ ይህን ላያይ መቻሉ ነው። ያ የፍተሻ (የካሊብሬሽን) ጋዝ በቀጥታ አናላይዘሩ፣ ጋዙን የሚለካው መሣሪያ፣ ላይ ከገባ ቱቦውን መች ነካው? ስክሪኑ ሁሉ አረንጓዴ፣ ቁጥሩ ውሸት።

እኔን ይሄ ነገር ሳምንት ሙሉ ሸውዶኛል። የቱቦው ሙቀት በስክሪን ልክ ነበር። ወጥቼ ሳየው መጋጠሚያው ጋ አንድ ስንዝር የማትሞላ ቦታ ሽፋኗ ተልጦ ውሃ አዝላለች፤ የሙቀት ሴንሰሩ ያለው ሌላ ጫፍ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ስክሪን ሳይ ያቺ ስንዝር ትታየኛለች። ከርቀት መመርመር ማለት ይሄ ነው፣ ያላየሽውን ቱቦ ደግሞ በጭንቅላትሽ ልታዪው አትችዪም። ሁለት ዓመት መስክ ሠርተሽ ወደ ስክሪኑ ብትመጪ ማንም አይደርስብሽም።

ለቤተሰብሽ አንድ ጥያቄ አቅርቢላቸው፦ የተጨነቁት ለኑሮሽ ነው ወይስ ጎረቤት ምን ይላል ብለው? የሚከፈል ዕዳ ካለባችሁ ቢሮውን ያዢ፣ አልፈርድም። ከሌለ ግን ለስም ብለሽ አትቀመጪ።

"ሮቦት ይተካኛል" ላልሽው፦ የእነዚህን የጭስ መለኪያዎች ጥራት የሚመለከተው የአውሮፓው ኢኤን 14181 ደረጃ እንኳ በየዓመቱ ሰው ወጥቶ በሌላ መሣሪያ ጎን ለጎን እንዲለካ ይጠይቃል። ከፍታ በእውነት የሚያዞርሽ ከሆነ ደግሞ የነገርኩሽን ሁሉ እርሺው።

ከመፈረምሽ በፊት ግን የመስክ ሠራተኛው የርቀት ዳታውን ራሱ ከፍቶ ማየት ይፈቀድለት እንደሆነ ጠይቂ። አይፈቀድም ካሉሽ ሳትፈርሚ መልሰሽ ጻፊልኝ።